«ጥቁር» የምንለው ዓይን ቀለም አለው፦ ለዓይንሽ የሚሆነውን የሜካፕ ቀለም እንዴት ትመርጫለሽ?

ሙሽራ ስኳል መጀመሪያ የምጠይቃት አንድ ነገር አለ። «ዓይንሽ ምን ዓይነት ነው?» እላታለሁ። አብዛኞቹ ሳያስቡ «ጥቁር» ይላሉ። ከዚያ ወደ መስኮት እወስዳትና ትንሽ መስታወት እሰጣታለሁ። ትንሽ ዝም ትላለች። «እንዴ! ቡናማ ነው እኮ!» የምትል አለች። «መሃሉ ላይ ማር የመሰለ ነገር አለው» የምትልም አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ያየችውን ዓይን ያን ቀን ገና ያየችው ይመስላታል።

ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። ስለ ዓይን ሜካፕ ቀለም የሚጻፈው ምክር በብዛት ሰማያዊና አረንጓዴ ዓይን ላላቸው ሴቶች የተዘጋጀ ነው። ለእነሱ አንድ በአንድ ይዘረዘራል። ቡናማ ዓይን ላይ ሲደርስ «ዕድለኛ ነሽ፣ ሁሉም ቀለም ይሆንሻል» ተብሎ ይታለፋል። ሃያ ቀለም ያለው ፓሌት (የሜካፕ ቀለሞች የተደረደሩበት ሳጥን) ፊት የቆመች ልጅ ይህን ይዛ ምን ትምረጥ? እኛ አገር ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁላችንም ቡናማ ዓይን ነን። ስለዚህ እኛ ላይ ቆም ብለን እንነጋገር።

1. መስኮት ጋ ቆመሽ ዓይንሽን እይው

ጠዋት፣ ፊትሽን ታጥበሽ፣ ምንም ሳትቀቢ። አምፖሉን አጥፊው። ቢጫ አምፖል ሥር ቡናማ ሁሉ አንድ ይመስላል። ፀሐይ ፊት ለፊት የሚገባበት መስኮትም አይሁን፣ ዓይንሽን ያስጨፍንሻል። መስኮቱን በጎንሽ አድርገሽ ቁሚና መስታወቱን አቅርቢው።

አሁን ሦስት ቦታ እይ። ብሌኑን የከበበውን፣ መሃሉን፣ ከዚያ ከነጩ ጋር የሚገናኘውን ዳር። ብዙ ጊዜ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ብሌኑ አጠገብ ወርቃማ ሆኖ ዳሩ ላይ የሚጠቁር ዓይን ብዙ አይቻለሁ።

እኔ ለራሴ በሦስት ስም እጠራቸዋለሁ። «የተቆላ ቡና» የምለው በጣም የጠቆረውን ነው፤ ብሌኑ የት እንደሚያልቅ ለማየት እንኳ መቅረብ ይጠይቃል። «ቀረፋ» የምለው ከሩቁ ቡናማነቱ የሚታወቀውን፣ ትንሽ ቀላ የሚለውን ነው። «ጠጅ» የምለው ደግሞ ብርሃን ሲያገኘው ብርሌ ውስጥ እንዳለ ጠጅ ቢጫ የሚያበራውን ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከሜላኒን መጠን ነው። ቆዳችንንና ጸጉራችንን የሚያጠቁረው ያው ነገር ነው። ሲበዛ ዓይን ይጠቁራል፣ ሲያንስ ወደ ማር ይሄዳል። የሚገርመው ሰማያዊ ዓይን ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የለም። ሜላኒኑ በጣም ስለሚያንስ ብርሃኑ ይበተንና ሰማያዊ ሆኖ ይታየናል። የእኛ ዓይን ውስጥ ግን ቀለሙ አለ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ተቀምጧል። ሥራችን እሱን ማውጣት ነው።

የዓይንሽን ነጭም እይው። እንቅልፍ አጥተሽ ወይም አቧራ ገብቶበት ከቀላ፣ ለዚያ ቀን ቀይና ሮዝ አይሻዶ (የዓይን ቆብ ቀለም) ይቅር። ቅላቱን ያጎላዋል።

2. ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት በጨርቅ ሞክሪ

ፓሪስ ውስጥ ጎብላን የሚባል፣ በሽመና ሥዕል የሚሠራበት ታዋቂ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1824 ጀምሮ የማቅለሚያ ክፍሉን የሚመራው ሚሼል ኡዤን ሼቭሩል የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው የሚል ቅሬታ ደረሰው። ሲመረምረው ክሩ ምንም አልሆነም። ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነበር። ሼቭሩል ጉዳዩን ለዓመታት አጥንቶ በ1839 አሳተመው፦ አንድ ቀለም የሚታየን ብቻውን አይደለም፣ ጎረቤቱ ይለውጠዋል።

የጥበብ ሸማኔዎቻችንም ይህን በእጃቸው ያውቁታል። ያው ቀይ ክር ከአረንጓዴ ጎን ሲሆን ይነዳል፣ ከቡናማ ጎን ሲሆን ይተኛል።

ዓይንም እንደዚያው ነው። ተቃራኒ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ እርስ በርስ ይጎላሉ። ሰማያዊ ከብርቱካናማ፣ ሐምራዊ ከቢጫ፣ አረንጓዴ ከቀይ ጋር ተቃራኒ ናቸው። ቡናማ ማለት ደግሞ የጠቆረ ብርቱካናማ ማለት ነው። ስለዚህ ቡናማ ዓይንን የሚያወጣው ዋናው ቀለም ሰማያዊ ነው። ዓይንሽ ውስጥ ቢጫ ካለ ሐምራዊ ያወጣዋል። ቅላት ካለው አረንጓዴ።

ዝም ብለሽ አትመኚኝ፣ ሞክሪው። ቁም ሳጥንሽን ክፈቺና ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ቡናማ ሻርፕ ወይም ቲሸርት አውጪ። ያው መስኮት ጋ ተመለሺ። አንድ በአንድ ከዓይንሽ ሥር ጉንጭሽ ላይ አስጠጊው። የትኛው ጋ ሲደርስ ነው ዓይንሽ «ብቅ» የሚለው? በስልክሽ እያነሳሽ ብታወዳድሪ ይበልጥ ይገባሻል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ሳንቲምም አያስወጣም። ብዙ ደንበኞቼ በዚህ ብቻ ሊገዙት የነበረውን ፓሌት ትተውታል።

3. ቀለሙን ምረጪ

*ዓይንሽ የተቆላ ቡና ከሆነ*

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን እዚህ ነን። በጣም የጠቆረ ዓይን ከሁለት እርምጃ በኋላ ቡናማነቱ አይታይም። ስለዚህ ተቃራኒ ቀለም ብቻውን አይበቃም። ቀለሙ ድፍረት ያስፈልገዋል። የፈዘዘ ሰማያዊ ምንም አይሠራልሽም፤ ደማቅ ንጉሣዊ ሰማያዊ ግን ዓይንሽን ያነሳዋል። እንደ ኤመራልድ የጠለቀ አረንጓዴ፣ የጠለቀ ሐምራዊ፣ እነዚህ ሁሉ ይይዙሻል። ከሁሉም የማይከዳሽ ግን የነሐስና የመዳብ መልክ ያለው፣ ብርሃን የሚመልስ አይሻዶ ነው። ጨለማ ዓይን አጠገብ ብርሃን ስታስቀምጪ ዓይኑ ራሱ የሚያበራ ይመስላል።

የማልመክርሽ ነገር፣ ዓይንሽን በጥቁር ዙሪያውን መዝጋት ነው። አውቃለሁ፣ ሁላችንም የጀመርነው እንደዚያ ነው። ነገር ግን ጥቁር መስመርና ጥቁር ዓይን ይዋሃዱና ዓይንሽ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ትንሽም ይመስላል። ከላይ ያለው ጥቁር ይቆይ፣ የታችኛውን በጥቁር ሰማያዊ የዓይን እርሳስ ቀይሪው። ከሩቅ የሚያይሽ ሰው ቀለም መቀባትሽን እንኳ አያውቅም። የዓይንሽ ነጭ ግን የነጣ፣ ዓይንሽም ያረፈ ይመስላል። አንዲት እህት እንቅልፍ ሳታገኝ አድራ የመጣች ቀን ያደረግኩላት ይህን ብቻ ነበር።

መሃለኛ ቡናማ፣ የማያበራ አይሻዶም ብቻውን አይሁን። ከቆዳሽም ከዓይንሽም ጋር ስለሚመሳሰል ደክመሽበት የተቀባሽ አይመስልም።

*ዓይንሽ ቀረፋ ከሆነ*

ብዙ ነገር ይሆንሻል፣ ድፍረቱንም መቀነስ ትችያለሽ። የወይራ ፍሬ የመሰለ አረንጓዴ በጣም እወድልሻለሁ፣ ውስጡ ያለውን ቅላት ያወጣዋል። ጥቁር ሰማያዊና የወይን ጠጅ ቀለምም ያምርብሻል። በአዘቦት ቀን ሥራ ስትሄጂ ቀላ ያለ ነሐስ ብቻውን ይበቃል።

*ዓይንሽ ጠጅ ከሆነ*

ሐምራዊ። ከፈዛዛው እስከ ጠቆረው ሁሉም ይሠራል፣ ምክንያቱም ዓይንሽ ውስጥ ያለው ቢጫ ተቃራኒውን አገኘ። ማስካራሽ እንኳ ጥቁር ሐምራዊ ቢሆን ልዩነቱን ታያለሽ። ወርቃማም ይሆንሻል፣ እሱ በመመሳሰል ነው የሚሠራው። ሁለቱን አንድ ላይ፣ መሃሉ ወርቅ ዳሩ ሐምራዊ አድርገሽ ሞክሪ።

*ሌሎች*

አረንጓዴ ዓይን ላላት የወይን ጠጅ ቀለምና ቀላ ያለ መዳብ። ሰማያዊ ላላት መዳብ፣ ነሐስና የኮክ ፍሬ ቀለም። ግራጫ ዓይን የጎረቤቱን ቀለም ስለሚቀበል ወደ ሰማያዊም ወደ አረንጓዴም ልትወስጂው ትችያለሽ።

4. ሱቅ ውስጥ ስትሞክሪ

የሱቅ መሞከሪያ ዓይንሽ ላይ አታድርጊ። ስንት ሰው እንደነካው አታውቂም። የእጅሽ መዳፍ ወይም የክንድሽ ውስጥ ላይም አትሞክሪ፣ እዚያ ያለው ቆዳ ከዓይንሽ ቆብ ይልቅ የፈካ ነው። የብዙዎቻችን የዓይን ቆብ ከጉንጫችን ይጠቁራል። ስለዚህ የጣትሽ አንጓ ጀርባ ላይ ቀቢው፣ እዚያ ያለው ቆዳ ለዓይን ቆብ ይቀርባል። ጣትሽን ከዓይንሽ ጎን አድርጊና በር ላይ ወጥተሽ በቀን ብርሃን እይው።

የምትፈሪው ነገር ቢኖር አመድ መምሰልን ነው። አንድ ጊዜ ለመልስ ቀን ሙሽራዋ የመረጠችውን ነጣ ያለ ብርማ ሮዝ ቀባኋት። ፓሌቱ ላይ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ፎቶው ሲወጣ ግን የዓይኗ ቆብ ግራጫ ሆኖ ነበር። ያንን ፎቶ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ፈዛዛ አይሻዶ ውስጥ ነጭ ዱቄት ይበዛል። ጠይም ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቀለሙ ይጠፋና ነጩ ብቻ ይቀራል። ጣትሽ ላይ አንድ ጊዜ ዳብሰሽው ፓሌቱ ላይ የሚታየውን ቀለም ካልሰጠሽ አትግዢው። ርካሽም ሆነ ውድ ለውጥ የለውም።

ሁሉን ነገር ባንዴ መግዛት ለማትችይ ሦስት ነገር በቂ ነው፦ አንድ ጥቁር ሰማያዊ እርሳስ፣ አንድ የመዳብ አይሻዶ፣ አንድ ጥቁር ማስካራ። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

5. አቀባቡ

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው።

በመጀመሪያ የዓይንሽ ቆብ ላይ ከቆዳሽ ጋር የሚሄድ ኮንሲለር በጣም ስስ አድርገሽ ቀቢ። በጣትሽ መታ መታ አድርገሽ አዋህጂው። ቆቡ ላይ ያለውን ጥቁረት ያስተካክላል፣ ቀለሙም ይይዛል። ከቆዳሽ የነጣ አይሁን። በላዩ ትንሽ ፓውደር ነካ አድርጊ።

ቀጥሎ ዓይንሽን ስትገልጪ የሚታጠፈው ቦታ ላይ የሸክላ መልክ ያለው፣ ከቆዳሽ አንድ ደረጃ የጠቆረ አይሻዶ አድርጊ። ለስላሳ ብሩሽ ያዢና እንደ መስኮት መጥረጊያ ወዲያ ወዲህ በይው። ይህ ቀለም ብቻውን አይታወቅም፣ የሚመጣው ደማቅ ቀለም ግን ድንገት እንዳይቆረጥ ይይዘዋል።

አሁን የመረጥሽው ቀለም። ቆቡ መሃል ላይ አስቀምጪው። የሚያበራ ከሆነ ብሩሹን ተይው፣ በቀለበት ጣትሽ ተጫኚው። በብሩሽ የሚያበራ አይሻዶ ጉንጭ ላይ ይረግፋል። ፋውንዴሽን (የፊት ቆዳ ማስተካከያ ቅባት) ከዓይን በኋላ የማደርገውም ለዚህ ነው።

የውጩን ማዕዘን በጠቆረ ቀለም ትንሽ አጥቁሪው። የውስጡን ማዕዘን፣ እንባ የሚወጣበት ጋ፣ በወርቃማ ነካ አድርጊው። ነጭ አይሁን።

ከዚያ መስመሩ። እርሳሱን ከሽፋሽፍትሽ ሥር አስጠግተሽ ነጥብ ነጥብ አድርጊና በኋላ አገናኚው። አንድ ጊዜ ለመሳብ አትታገይ። መስመሩ ከተጣመመ በጠባብ ብሩሽ አዋህጂው፣ ጭስ መስሎ ያምራል። በመጨረሻ ማስካራ፣ ከሥር ጀምረሽ ወደ ላይ።

መነጽር የምታደርጊ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ቅርቡን እንጂ ሩቁን አጥርቶ ለማያይ ዓይን የሚታዘዘው መነጽር ዓይንን ያሳንሳል። ቀለምሽን አድምቂው፣ መስመርሽን አቅጥኚው። ለማንበብ የሚታዘዘው ደግሞ ያተልቃል፤ ቀለሙን ቀነስ አድርጊና በደንብ አዋህጂው፣ ስህተት ሁሉ ጎልቶ ይታያልና።

6. ስለ ኩል

የእናቴን የኩል ዕቃ እስከ ዛሬ አስቀምጫለሁ። ከቀንድ የተሠራች ናት፣ መኳያዋም አብራት አለች። በዓል ሲሆን እናቴ መስታወት ሳትይዝ ትኳል ነበር፣ እጇ አይስትም። ከእሷ ዓይን የበለጠ የሚያምር ሜካፕ እስካሁን አልሠራሁም።

ቢሆንም ይህን ልንገርሽ። ከድንጋይ ተፈጭቶ የሚሠራው ኩል ብዙ ጊዜ ጋሌና ከሚባል ማዕድን ነው የሚመጣው። ጋሌና እርሳስ (ሌድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ነው፤ የምንቀባውን የዓይን እርሳስ ማለቴ አይደለም። የጥንት ግብፃውያን የተኳሉትም በእሱ ነው። እርሳስ ሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በተለይ ሕፃናትን የአእምሮ እድገታቸውን ይጎዳል፣ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው ኩል ለመዋቢያነት አይፈቀድም። ከአገር ቤት በሻንጣ የምትልኪላቸው ዘመዶች ካሉሽ ይህን ንገሪያቸው። በዓይን አይቶ ደህናውን ከመጥፎው መለየት አይቻልም። ምን እንደሆነ ያልተጻፈበት የተፈጨ ኩል አንቺም አትኳይ፣ ሕፃንም አትኳይ። መልኩን ከወደድሽው፣ ከምን እንደተሠራ የሚዘረዝር ጽሑፍ ያለበት ለስላሳ ጥቁር የዓይን እርሳስ ያው ጥቁረት ይሰጥሻል።

7. ከልብሱ ጋር

ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ብርሃን ወደ ፊትሽ ይመልሳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ በቲሸርት ሆነሽ በቂ የመሰለሽ ቀለም ቀሚሱን ስትለብሺ ይፈዛል። ሜካፑን ስትጨርሺ ነጠላሽን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ እንደገና እይው።

ጥበቡ አረንጓዴ ስለሆነ አይሻዶዬም አረንጓዴ ይሁን አትበይ። ያኔ ሰው የሚያየው ቀሚሱን ነው፣ ዓይንሽ ይረሳል። ጥበብሽ አረንጓዴ ከሆነ ዓይንሽ ላይ መዳብ አድርጊ። ጥበብሽ ወርቅ ከሆነ ሐምራዊ ወይም ጥቁር ሰማያዊ። ጥበብሽ ቀይ ከሆነ ነሐስ ከላይ፣ ጥቁር ሰማያዊ መስመር ከታች። ወርቅ ካሰርሽ ከነሐሱ ጋር ይግባባል። የብር ጌጥ ከሆነ ሰማያዊና ሐምራዊ ይሻለዋል።

ለሙሽራ ማስካራው ውኃ የማይፈታው ይሁን። ሙሽራ ከእናት አባቷ ቤት ስትወጣ ማልቀሷ አይቀርም፣ ማልቀስም አለባት። ለእናቷ ደግሞ የሚያበራ አይሻዶ አላበዛባቸውም። ቆባቸው መጨማደድ ከጀመረ ብልጭልጩ እጥፋቱ ውስጥ ይገባና እሱን ያጎላዋል። የማያበራ የወይን ጠጅ ቀለም አደርግላቸዋለሁ፤ ክብራቸውን ጠብቆ ያደምቃቸዋል።

ከቤት ሳትወጪ በስልክሽ ሁለት ፎቶ አንሺ፣ አንዱን በፍላሽ አንዱን ያለ ፍላሽ። አመድ የመሰለ ቦታ ካለ አሁኑኑ ይታያል። በላዩ ትንሽ መዳብ በጣትሽ ተጫኚበት፣ ይስተካከላል።

8. ማታ

ማስካራ ከተከፈተ በሦስት ወሩ ይጣል፣ ገና ቢኖረውም። ከእህትሽም ጋር ቢሆን አትዋዋሱት። ዓይንሽ ከታመመ ያን ሰሞን የተጠቀምሽበትን ሁሉ ጣይው።

የቱንም ያህል ቢደክምሽ ሳታስለቅቂ አትተኚ። የዓይን ሜካፕ ማስለቀቂያውን ጥጥ ላይ አድርጊና የተጨፈነ ዓይንሽ ላይ አስቀምጪው። እስከ ሃያ ቁጠሪ። አትሺው፣ ራሱ ይለቃል። ከዚያ ቀስ ብለሽ ወደ ታች ጥረጊው፣ በሌላ ንጹህ ጥጥ ድገሚው፣ ፊትሽን ታጠቢና ተኚ።